«እሺ» ሁልጊዜ ከሺህ አይበልጥም

የትኛውንም የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ከዚያ የተለመደው ዝርዝር ይከተላል፦ ታማኝ፣ ታዛዥ፣ የሥራ ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል፣ በትርፍ ሰዓት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ፣ በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል። ግርጌው ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ቀጣሪው የሚፈልገውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ጽፏል፤ የሚሰጠውን ግን በአንዲት ቃል ሸፍኖ አልፏል።

ለመሆኑ ጥሩ ሠራተኛ ማን ነው? በብዙ መሥሪያ ቤቶች መልሱ አንድ ነው፤ «እሺ» የሚል። አለቃው ሳይወጣ የማይወጣ፣ ስብሰባ ላይ ጥያቄ የማያነሳ፣ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ የሚፈርም። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው አባባል ለጉርብትናና ለሽምግልና መልካም ምክር ነው። ግዢ ክፍልና ሒሳብ ክፍል ሲገባ ግን አደጋ ይሆናል።

አንድ የግዢ ባለሙያ ሦስት ፕሮፎርማ ቀረበለት እንበል። ማህተማቸው ቢለያይም የእጅ ጽሑፉ የአንድ ሰው ነው። አለቃው «ዝም ብለህ ጨርሰው» ይለዋል። «እሺ» ካለ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። «ይሄ አያስኬድም» ካለ «ጠባዩ አስቸጋሪ ነው» ይባላል። ኦዲተር የመጣ ቀን ግን ወረቀቱ ላይ የሚገኘው የባለሙያው ፊርማ ነው፤ የአለቃው የቃል ትእዛዝ የትም አልተጻፈም። ታዲያ ለድርጅቱ ታማኝ የነበረው የትኛው ነው?

«ትጋት» የሚባለውም መፈተሽ አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ባሉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፤ በሥራ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ከሆነ በሰዓት የመደበኛውን ክፍያ 1.5 እጥፍ ይከፈልበታል። ሠራተኛን በነፃ እያስመሹ «ትጉህ» ብሎ ማሞካሸት የደመወዝ ቅሚያን በምስጋና መሸፈን ነው።

ታዛዥነትን በርካሽ መግዛት እንደማያዋጣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አሳይቷል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት የጀማሪ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ባለሀብቶች «ሠራተኛው ርካሽና ታዛዥ ነው» ተብለው ነው የመጡት። ሴቶቹ ግን የቤት ኪራይና ምግብ መሸፈን ሲያቅታቸው ጥለው ሄዱ፤ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይቀይሩ እንደነበር ሪፖርቱ ያስረዳል። በየወሩ አዲስ ሰው የሚያሠለጥን ፋብሪካ ምን ያተርፋል?

ይህ ሁሉ ለሰነፍ ጥብቅና መቆም አይደለም። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚጠፋው፣ ሲስተሙ እየሠራ ባለጉዳዩን «ሲስተም የለም» ብሎ የሚመልሰው፣ ፋይል ደብቆ ጉርሻ የሚጠብቀው ሠራተኛ ሕዝብን እየበደለ ነው። ያው አዋጅ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተጠነቀቀ 8 ጊዜ ያለበቂ ምክንያት ያረፈደን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል። ሰዓት ማክበር የአለቃ ውለታ መመለሻ ሳይሆን የውል ግዴታ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቅ፣ ያላወቀውን ደግሞ «አላውቅም» ብሎ የሚጠይቅ ነው። አለቃው ቢኖርም ባይኖርም ሥራው አይለያይም። ስህተት ሲያይ ሳይውል ሳያድር ይናገራል፤ የራሱ ቢሆንም። ሲለቅም ሥራውን በወጉ አስረክቦ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልግ ድርጅት መጀመሪያ ደመወዙን ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ቀጥሎ ባለፈው ዓመት «አይሆንም» ያለው ሠራተኛ ምን እንደደረሰበት ይመርምር። ያ ሰው ከደረጃ ዕድገት ታልፎ ወይም ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ተዛውሮ ከሆነ፣ ሌሎቹ ትምህርታቸውን ወስደዋል። ከዚያ በኋላ «ጥሩ ሠራተኛ ጠፋ» ብሎ ማማረር አያምርም።