ቀስቱን ማን ተከለው?

ይድረስ ለአሽዶድ የብስክሌት መንገድ ባለቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለታጠረው መስመርና ስለተጻፈው ዶህ (የቅጣት ወረቀት)

ክቡር ሆይ፣

መሥሪያ ቤትዎን በስሙ ያልጠራሁት ፈርቼ አይደለም። አንዱ ቢሮ «መንገዱ የእኛ አይደለም» ይላል፤ ሁለተኛው «ቁፋሮው የተቋራጩ ነው» ይላል፤ ተቋራጩ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ደብዳቤው «የእኔ ነው» ለሚል ሰው ይድረስ። የኋላ ታሪኩን አልደግመውም፤ አቤቱታው ጠረጴዛዎ ላይ ከርሟል። በቀጥታ ወደዚያች ንጋት ልሂድ።

ዕለቱ እሑድ ነው፤ ገና በወጉ አልነጋም። አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌታቸው የላኪሽን ወንዝ ተሻግረው በስተሰሜን ወዳለው የፋብሪካዎች አካባቢ ለጠዋት ፈረቃ ይሄዳሉ። የብስክሌቱ መስመር መሀል ላይ በአጥር ተዘግቷል። አጥሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሰሌዳው ላይ የብስክሌት ሥዕል፣ ከሥዕሉም ሥር ወደ እግረኛ መንገድ የሚያመለክት ቀስት አለ። እርሳቸውም ታዘዙ፤ ቀስቱን ተከትለው ወጡ። አጥሩ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ተቆጣጣሪ ቆሞ ጠበቃቸው። «በእግረኛ መንገድ ላይ በመንዳት» ብሎ የ250 ሼቄል ዶህ ጻፈላቸው።

በዕብራይስጥ ሊያስረዱት ሞከሩ። በእጃቸው ወደ ሰሌዳው አመለከቱ። ዞር ብሎ አላየም።

ማስረጃ ይጠየቃልና እነሆ። ልጃቸው በዚያው ጠዋት ሰሌዳውን ከነአጥሩ ፎቶ አንስታለች፤ ቀኑና ሰዓቱ ስልኳ ላይ አለ። ዶሁ ላይ የተጻፈው ቦታ ሰሌዳው የቆመበት ቦታ ነው። በፎቶው ግራ በኩል ወደ ወደቡ የሚከንፉ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ይታያሉ፤ «በመኪናው መንገድ ለምን አልሄዱም?» የሚል ሰው ካለ ፎቶውን አይቶ ይጠይቅ። ሴትዮዋ የራስ ቁር አድርገው ነበር። ብስክሌቱ ሕጉ ከሚፈቅደው ከ250 ዋትና በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር አያልፍም። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲያልፈው የታዘዘውን የቲዎሪ ፈተናም አልፈዋል። ሕጉ ዝቅተኛውን ዕድሜ 16 ዓመት አድርጎታል፤ እርሳቸው ሁለት ልጆች አሳድገው ለጦር ሠራዊቱ የሰጡ ሴት ናቸው፤ ይበቃ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበውን ልንገርዎ። አቤቱታው በገባ ማግስት ሰሌዳው ተነሣ። ዶሁ ግን አልተነሣም። የመጣው መልስ፣ በታላቅ አክብሮት እጠቅሰዋለሁ፣ በቦታው እንዲህ ያለ ሰሌዳ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አልተገኘም ይላል። ክቡር ሆይ፣ ነቅለው ከወሰዱት በኋላ እንዴት ይገኛል?

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የምታነቡ ወገኖቼ፣ 250 ሼቄል ለአንዳንድ ሰው የአንድ እራት ዋጋ ነው። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በዚህ አገር ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 34.32 ሼቄል ነበር፤ በዚያ ስሌት ለእኚህ ሴት ገንዘቡ ከሰባት ሰዓት በላይ ወለል መወልወል ነው። «ፍርድ ቤት ይሟገቱ» ተብለዋል። የሙግቱ ቀን የሥራ ቀን ነው፤ ማለትም ቅጣቱን ላለመክፈል ሌላ የቀን ደመወዝ ይከፍላሉ። እንዲህ ያለውን ስሌት የሚያወጣ ሰው በወር ደመወዝ የሚኖር መሆን አለበት።

በሌላ በኩል፣ እርሳቸው ቆመው ዶህ ሲጻፍላቸው ሁለት ጎረምሶች ያለ ራስ ቁር በኮርኪኔት (ስኩተር) በዚያው የእግረኛ መንገድ ሽው ብለው አለፉ። አልተጠሩም። ተቆጣጣሪው የቆዳ ቀለም አይቶ ነው አልልም፤ ልቡ ውስጥ አልገባሁም። ግን የእኛ ሰው በዚህ ጉዳይ ለምን ቶሎ እንደሚደነግጥ ያውቃሉ። በሚያዝያ 2015 ሖሎን ውስጥ ደማስ ፈቃደ የተባለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ብስክሌቱን እንደያዘ ነበር ፖሊስ የደበደበው። ካሜራ ቀርጾት ባይሆን ኖሮ እርሱም «ማረጋገጫ አልተገኘም» ይባል ነበር። ያን ጊዜ ከኢየሩሳሌም እስከ ቴል አቪቭ አደባባይ የወጣው ሕዝብ የተቆጣው በአንድ ቡጢ ብቻ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርትም በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ዘረኝነት እንዳለ መንግሥት ራሱ በወረቀት ያመነበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ትንሽ ነው፦ ዶሁ ይሰረዝ፤ ይቅርታም በጽሑፍ ይጠየቅ። በአማርኛም ቢሆን ደስ ይለናል።

ሁለተኛው፣ አጥሩ ይነሣ። የማይነሣ ከሆነ መተላለፊያው በመኪናው መንገድ በኩል ተከልሎ ይሰጥ። ይህ ከተማ በ1956 አሸዋ ላይ ሲቆረቆር ሰፈሮቹ በፊደል ተከፋፍለው፣ ጎዳናዎቹ ሰፍተው፣ በፕላን የተሠራ ነው። ሜዳ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከዳገት ዳገት እየተንጠላጠለች ለብስክሌት መስመር መከለል ጀምራለች። ባሕር ዳር ያደጉ ሰዎች አስተማሪውም ነጋዴውም በብስክሌት ሲመላለስ እያዩ ነው ያደጉት፤ አንዳንዶቹ ዛሬ የአሽዶድ ነዋሪዎች ናቸው፤ በሜዳ ላይ መንዳት ያቃተን እኛ ሆነን አይደለም።

ከጀመርኩ አይቀር፣ አድ ሃሎም ባቡር ጣቢያ ከከተማው ዳር ነው። ከባሕሩ አጠገብ ካሉት ሰፈሮች ሰው በእግሩ አይደርስበትም፤ እዚያ የሚያደርስ ያልተቆራረጠ የብስክሌት መስመር እንፈልጋለን። ጣቢያው ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ሰው ሥራ በሚሄድበትና በሚመለስበት ሰዓት የሚታጠፍ ካልሆነ በቀር ብስክሌት ባቡር ላይ አይወጣም። ሠራተኛው በየትኛው ሰዓት እንዲጓዝ ነው የታሰበው? ለቴል አቪቭ አካባቢ (ጉሽ ዳን) ኦፍኒዳን የተባለ 110 ኪሎ ሜትር የብስክሌት አውራ ጎዳና ሲታቀድ እኛ ደቡብ ስላለን የተረሳን ይመስላል።

ስለ ሰንበትም ዝም ብዬ አላልፍም። አባቶቻችን በጎንደር መንደሮች ሰንበትን እንዴት ይጠብቁ እንደነበር የሚነግረን አያስፈልገንም፤ ክርክሬ ከሰንበት ጋር አይደለም። ነገር ግን ሆስፒታሉና ወደቡ ቅዳሜ ማታም ሠራተኛ ይጠራሉ፤ ፈረቃው በሰንበት የቆመው አውቶቡስ ሥራ እስኪጀምር አይጠብቅም። አውቶቡስ የማያቀርብ ከተማ ቢያንስ የብስክሌቱን መንገድ አይጠር።

ደግሞም ተቆጣጣሪዎችዎ በየሰፈሩ ስንት ዶህ እንደጻፉ፣ ለየትኛው ጥፋትና በየትኛው ሰዓት እንደሆነ በይፋ ይውጣ። የግለሰብ ስም አንፈልግም፤ ቁጥሩ ይበቃናል። ቁጥሩ ንጹሕ ከሆነ እኔ ራሴ በዚሁ ገጽ አመሰግንዎታለሁ።

መልስዎን ለእኔ ብቻ አይላኩት። እንደ እኔ የሚጠይቀው ብዙ ነውና እንደዚህ ደብዳቤ በግልጽ ይጻፍ፤ ከመልሱም ጋር ያ ሰሌዳ ከየትኛው መጋዘን ወጥቶ ወደየትኛው እንደተመለሰ ይገለጽ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለተቋራጩ፣ ስልክ ባያነሳም
ዶህ ይዞ ለተቀመጠ የአሽዶድ ብስክሌተኛ ሁሉ፣ ወረቀቱን እንዳይጥል