ዋግ በጀት እስኪጸድቅ አይጠብቅም

ከጎንደር፣ ከቁስቋም ኮረብታ ግርጌ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዳባትና ደባርቅ ለሚጓዝ መንገደኛ፣ በክረምቱ ማብቂያ ደጋው የስንዴና የገብስ ምድር ነው። በዚህ ምድር የሚኖር አርሶ አደር ምርጥ ዘር ሲገዛ የሚከፍለው ዘሩ የተባዛበትን፣ የተበጠረበትንና የተጓጓዘበትን ወጪ ነው። ዝርያው እስኪገኝ አሥር ዓመት ገደማ የፈጀው ምርምር ግን በደረሰኙ ላይ አይታይም። ያንን የሚሸከመው በአብዛኛው የመንግሥት ካዝና ነው፤ የለጋሾች ድጋፍም ይታከልበታል።

ይህን ወጪ የግል ባለሀብት የማይሸከምበት ምክንያት በሰብሉ ተፈጥሮ ላይ ይገኛል። የዲቃላ በቆሎ ዘር በየዓመቱ ካልተገዛ ምርቱ ስለሚያሽቆለቁል ኩባንያ ያተርፍበታል። ስንዴና ጤፍ ግን በራሳቸው የአበባ ብናኝ ስለሚያፈሩ ገበሬው ካመረተው ለይቶ ለዓመታት ይዘራል። ጤፍማ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የሕዝብ ዋና ምግብ ባለመሆኑ የውጭ ኩባንያ ሊደክምለት አይችልም። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከደብረ ዘይት የመንግሥት ምርምር ማዕከል መሆኑ አያስገርምም።

የጉዳዩ ክብደት በግልጽ የታየው በ2002/03 የምርት ዘመን ነው። በወቅቱ በአገሪቱ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግ መታው። ደግነቱ ካካባና ዳንዳአ የተባሉ፣ ዋጉን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ተፈትነው ተዘጋጅተው ነበር፤ በበጋ መስኖ ጭምር እየተባዙ ለገበሬው ደረሱ። ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ምርምር ቢጀመር ኖሮ አሥር ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆን ነበር። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቢጫ ዋግን ተቋቁሞ የነበረው ዲገሉ በ2006 ዓ.ም. በባሌ በሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ ተጠቃ። ተህዋሲው ራሱን እየለወጠ ስለሚመጣ፣ ትናንት የተገኘ ዘር ለነገ ዋስትና አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው የበጀት አሠራሩ የሚያሳስበው። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ከአጠቃላይ ምርታቸው አንድ በመቶውን ለምርምር ለማዋል ተስማምተዋል፤ ኢትዮጵያ ከዚያ ገና አልደረሰችም። ይሁን እንጂ ከመጠኑ ባልተናነሰ ጊዜውም ይጎዳል። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ የደጋው ስንዴ የሚዘራውም በዚያው ሰሞን ነው። ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ግዥ ተፈጽሞ፣ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ እስኪገኝ የዘር ወቅት ካለፈ፣ ተመራማሪው ያጣው አንድ ወር ሳይሆን አንድ ሙሉ ዓመት ነው። የመንገድ ሥራ ሦስት ወር ቢዘገይ መንገዱ ሦስት ወር ይዘገያል፤ የዘር ሙከራ ግን እንዲያ አይደለም።

የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት በጎንደርም ማዕከል አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማዕከል በጀት ሲመደብ ሊጠየቅ የሚገባው የገንዘቡ ድምር ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለማሳ ሙከራ እንደሚውል፣ የማሳው ድርሻም ሰኔ ሳይወጣ በእጅ መግባቱ ጭምር ነው።