ከበዓል ማግስት ውሻዎን ቢያስመልሰው

ይድረስ በግቢዎ ውሻ ለሚያሳድጉ አንባቢዬ፤

በጾሙ ወራት እንጀራና ሽሮ የለመደ ውሻ የፋሲካ ዕለት በድንገት ጮማ፣ አጥንትና የወጥ ትርፍራፊ ይቀርብለታል። በማግስቱ ሲያስመልሰው «ጠግቦ ነው፣ ይተወዋል» እንላለን። ብዙ ጊዜ ልክ ነን። ልክ ባልሆንን ጊዜ ግን ውሻው ሊሞት ይችላል።

ከትውከቱ ይልቅ ውሻውን ይዩት። ተስገብግቦ በልቶ አንድ ሁለቴ ያስመለሰው፣ ከዚያ ግን ጭራውን እየቆላ የሚቀበልዎና የጠጣው ውኃ የሚረጋለት ጤነኛ ትልቅ ውሻ አያሳስብም። ለግማሽ ቀን ያህል ምግብ ይከልክሉት፤ ውኃ ጥቂት በጥቂት ይስጡት። ቀጥሎ ጨው፣ ዘይትና ቅመም ያልገባበት ሩዝ አጥንቱ ከወጣ የተቀቀለ ዶሮ ጋር በትንሽ በትንሹ ያብሉት። በማግስቱም ካልተወው ሐኪም ይየው።

ለቡችላ ይህ አይሠራም። ያልተከተበ ቡችላ እያስመለሰው ከፈዘዘ፣ ደም የቀላቀለና የሚከረፋ ተቅማጥም ከተከተለ፣ ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሳያስርቡት ዕለቱን ይውሰዱት። መከላከያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት በየተወሰነ ጊዜ የሚደገም ክትባት ነው።

ትልቁም ውሻ ቢሆን ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ካስመለሰው፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ካለው፣ ድዱ ከነጣ ወይም መቆም ካቃተው ነገን አይጠብቁ። አጥንት፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ሥጋ የተቋጠረበት ፌስታል ውጦ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የሚያጣድፈው ምንም ሳይወጣው የሚታገለው ነው። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያለ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ ሊያስመልስ ደጋግሞ እየሞከረ ካቃተው፣ ሆዱም ከተነፋ፣ ጨጓራው አየር ሞልቶት ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። የሚቀረው ጊዜ የሰዓታት ነው፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈልጉ።

የአይጥ መርዝ በልቷል ብለው ከጠረጠሩ ወተት፣ ዘይት ወይም የጨው ውኃ አይጋቱት። የሚጋተው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ጨው ሲበዛም ራሱ መርዝ ነው። የመርዙን ማሸጊያ ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ለሰው የታዘዘ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞልም አይስጡት። የዶሮ ወጥም ለውሻ አይሆንም፤ ሽንኩርት ቢበስልም ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል፤ ጉዳቱም ከቀናት በኋላ ሊታይ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ለራስዎ ይጠንቀቁ። ለሃጩ እየተዝረበረበ መዋጥ ያቃተውን፣ ጠባዩም የተለወጠበትን ውሻ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከነከስዎ ወይም ለሃጩ ቁስልዎን ከነካ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ዕለቱን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

በብዙ ግቢ ውሻው ሌሊት ሲታመም የሚያየው ጥበቃው፣ ቀን የምታበላው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሐኪሙ መቼ ጀመረው፣ ስንቴ አስመለሰው፣ ምን በላ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ በዓሉ ሳይገባ በበዓል ቀንና በሌሊት የሚገኝ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ፈልገው ይስጧቸው፤ ምልክቶቹን ይንገሯቸው። «ከጠረጠራችሁ እኔን ለመቀስቀስ አትፍሩ» ማለትንም አይርሱ።

አክባሪዎ