ኮምፒውተር መገጣጠም የሚጀመረው ከሶኬቱ ነው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። በተለይ ዴስክቶፕ ላስገጣጥም ብላችሁ ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ብታነቡት ደስ ይለኛል።

በውስጥ መስመር የሚላኩልኝ የዕቃ ዝርዝሮች ቅደም ተከተላቸው ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ ግራፊክስ ካርድ፣ ቀጥሎ ፕሮሰሰር፣ ከዚያ መብራት የሚያበራ ራም፣ ከዚያ የመስታወት ኬዝ። ፓወር ሰፕላይ መጨረሻ ላይ፣ ያውም ስም እንኳን ሳይጻፍለት «500 ዋት» ተብሎ ይቀመጣል። ዩፒኤስ የሚጽፍ ከስንት አንድ ነው። ለምን ስል መልሱ «በጀቱ አለቀ» ነው። የኔ አቋም፣ እኛ አገር ይህ ዝርዝር መገልበጥ አለበት። በጀቱ ማለቅ ካለበት ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይለቅ።

ይህን የምለው ለጌም ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። ዝርዝር ከሚልኩልኝ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርጉ፣ የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር የሚያወጡ፣ ማስታወቂያ የሚሠሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ኮምፒውተሩ የእንጀራ ገመዳቸው ነው። ሠርግ ደግሞ ፋይሉ ጠፋ ተብሎ ሙሽሮቹን ድጋሚ አልብሰው አይቀርጹትም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ፣ አንድ የተቃጠለ ካርድ መተካት ማለት የወራት ሥራ ማለት ሆኗል። ድሮ «ቢቃጠል እገዛለሁ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ አሁን ግን አይቻልም።

የዩቲዩቡ ሰውዬ ጥፋት የለበትም። እሱ ሰፈር መብራት መሄድ ዜና ነው። ስለዚህ «በዚህ ብር ከፍተኛውን ፍጥነት እንዴት ላግኝ?» የሚለውን ብቻ ይመልሳል። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በዚህ ብር፣ መብራት እየሄደና እየመጣ፣ ለአምስት ዓመት የሚሠራልኝን እንዴት ላግኝ? ጥያቄው ሲለወጥ የዕቃው ምርጫም ይለወጣል።

ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይቀይራል። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚኖሩት በ12 ቮልቱ ነው፤ እሱም በደረጃው መሠረት ከ11.4 መውረድ፣ ከ12.6 መውጣት የለበትም። መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ባጠራቀመው ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል። ጥሩ የሚባለው ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት የሚያቆየው 16 ወይም 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ጥሩው እንኳን አንዲት ሙሉ ዙር አይሞላም ማለት ነው። ርካሹ ላይ ደግሞ አምራቹ ዋጋ ለመቀነስ ቶሎ ከሚያሳንሳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ካፓሲተር ነው።

«ዩፒኤስ አለኝ፣ ግን መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል» የምትሉ አላችሁ። ብዙ ጊዜ ባትሪው ሞቶ ነው። ባትሪው ደህና ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ። ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ይወስድባቸዋል። በእነዚያ ሚሊ ሰከንዶች መታገሥ ያለበት ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ እሱ ካልታገሠ ዩፒኤሱ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይለያል? ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተዉትና ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። ከ12 ቮልቱ ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ እዩና በ12 አባዙት። «500 ዋት» የተባለው ዕቃ 12 ቮልቱ ላይ 18 አምፔር ከጻፈ፣ 216 ዋት ነው የገዛችሁት። ቀሪው ዛሬ ማንም ብዙ በማይጠቀምበት በ5 እና በ3.3 ቮልት ላይ የተቆለለ ቁጥር ነው። ሐቀኛ የሆነ ባለ 550 ዋት እዚያ ቦታ ላይ 45 አምፔር ገደማ ይጽፋል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ጥሩ ነው፤ ግን የሚለካው ኃይል ሳያባክን መቀየሩን እንጂ ከመቃጠል መጠበቁን አይደለም። ምልክቱን አይቶ መርካት ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ዩፒኤስ። እዚህም ቁጥሩ ያታልላል። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው በብዛት የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። ውስጡ ያለችው ባትሪም አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ናት፤ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት። ይህ ሥራ ለመቀጠል አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ብቻ ነው። (ሌዘር ፕሪንተር እዚያው ላይ የምትሰኩ፣ እባካችሁ አውጡት።)

ዕቃ መምረጥ የሚያጓጓው እዚህ ጋ ነው፤ የዩፒኤሱ አቅም ግራፊክስ ካርዱን መወሰን ይጀምራልና። የኤንቪዲያን ሁለት ካርዶች እንይ። አርቲኤክስ 3060 እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 12 ጊጋ ሚሞሪ ያለው፣ 170 ዋት የሚበላ ነው። አርቲኤክስ 4060 በ2023 የወጣ፣ 8 ጊጋ ያለው፣ 115 ዋት የሚበላ። ሁለቱንም ሙሉ ጭነት ላይ 88 ዋት ከሚወስድ ፕሮሰሰር ጋር አስቡት፤ ለማዘርቦርድ፣ ለዲስክና ለፋን 50 ዋት፣ ለሞኒተር 30 ዋት ጨምሩ። በ3060 ድምሩ 338 ዋት፣ በ4060 ደግሞ 283 ዋት ይሆናል። የመጀመሪያው ያችን ትንሿን ዩፒኤስ ጫፍ ላይ ያደርሳታል፤ ሁለተኛው ትንፋሽ ይተውላታል። ስለዚህ ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ 4060ን እመርጣለሁ። ትልልቅ የሦስት አቅጣጫ ትዕይንት በብሌንደር ሬንደር የምታደርጉ ከሆነ ግን 8 ጊጋው ሲሞላ ሥራው እጅግ ይንቀራፈፋል ወይም ጭራሽ ይቆማል። እናንተ 3060ን ግዙ፣ ከፍ ያለ ዩፒኤስም አብራችሁ ግዙ። ዩፒኤሱን ለመግዛት ብር ካጠራችሁ፣ 3060ውን ገና አልቻላችሁትም ማለት ነው።

ፕሮሰሰር ላይ ብዙ አልቆይም። የኤኤምዲ ራይዘን 5 7600 በ65 ዋት ደረጃ የተሠራ ነው፤ መጨረሻው ላይ ኤክስ ያለበት ወንድሙ 105 ዋት ነው። የሚያገኙት ፍጥነት ልዩነት ጥቂት ነው፣ ሙቀቱ ግን ልዩነት አለው። እስከ 253 ዋት የሚወጣውን ኮር አይ9 13900ኬ ለሚያልሙ ደግሞ፣ ኢንቴል ራሱ በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ቺፖች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እያገኙ እንደሚጎዱ አምኖ ማስተካከያ ለቋል፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። በሻንጣ ከዱባይ ለመጣ ዕቃ ያ ዋስትና ምን እንደሚጠቅም እናንተው ፍረዱ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው አየር በመጠን ያው ቢሆንም፣ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ከተማችን ቀዝቃዛ መሆኗ ያካክሰዋል እንጂ፣ የውጭ ግምገማ ላይ ያያችሁት የሙቀት ቁጥር እናንተ ቤት ሳይለወጥ አይመጣም። እዚህ ላይ አቧራውን ጨምሩ። ፊቱ ድፍን መስታወት የሆነ ኬዝ በዚህ ከተማ ውስጥ ለምን እንደሚገዛ አልገባኝም። ያምራል፣ እሺ፤ ግን ፊቱ ወንፊት የሆነና ማጣሪያው ወጥቶ የሚታጠብ ኬዝ ብዙ ጊዜ በዋጋም ይረክሳል።

ኬዙን ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁስ? ይህን «የኮምፒውተሩ ጠባይ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኃይል ወደ ኬዙ ያሳልፋል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው፣ በግራውንድ መስመር በኩል ወደ መሬት ይወርዳል ተብሎ ታስቦ የተሠራ ነው። ቤታችሁ ግራውንድ ከሌለው ግን ያ ኃይል እጃችሁን ይጠብቃል። ንዝረቱ ራሱ ትንሽ ነው። አደገኛው ነገር፣ አንድ ቀን ውስጡ ሽቦ ቢላቀቅ ሙሉው 220 ቮልት መውረጃ የሌለው መሆኑ ነው። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት በሁለት እግር አስማሚ ዲቫይደር ላይ የምትሰኩም ራሳችሁ መስመሩን እየቆረጣችሁት ነው። ራም ከመጨመራችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮችን በተመለከተ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ዴል ኦፕቲፕሌክስና መሰሎቹ ለሒሳብ ሥራ፣ ለጽሕፈት፣ ኮዲንግ ለሚማር ተማሪ ከማንኛውም ስም የለሽ አዲስ ግጥም በላይ አምናቸዋለሁ፤ ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ቢሆንም በደንብ የተሠራ ነው። ግራፊክስ ካርድ እጨምርበታለሁ ብላችሁ ከገዛችሁት ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ፓወር ሰፕላያቸው ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው በራሳቸው ልዩ መሰኪያ ስለሆነ ከገበያ ገዝታችሁ መቀየር አትችሉም። ከካርድ ማስገቢያው ብቻ የሚገኘው ኃይል ደግሞ ቢበዛ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ጣሪያችሁ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 አካባቢ ነው። ቀጭኑን ኬዝ ከገዛችሁ ደግሞ አጭሩን ዓይነት ካርድ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

«ታዲያ ላፕቶፕ ብገዛስ?» የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ እረታለሁ። ላፕቶፕ ማለት ዩፒኤሱ አብሮት የተሸጠ ኮምፒውተር ነው። ሥራችሁ ጽሕፈት፣ ፎቶሾፕ፣ ኮዲንግ፣ አጫጭር ቪዲዮ ከሆነ ዴስክቶፕ አታስገጣጥሙ፤ ላፕቶፕ ግዙ። ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ለሚያደርግ ሰው ግን ዴስክቶፕ ያዋጣል፤ ፋኑ ቢሞት ፋን፣ ፓወር ሰፕላዩ ቢሞት ፓወር ሰፕላይ ብቻ ይቀየራል። የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፕ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ፣ እሱ ሲሄድ ቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

በግምት ከአሥር ብር ሁለቱን ለፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ መድቡ እላለሁ። አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካርድ ትይዛላችሁ፤ ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል። መገናኛ ያለው ሻጭ «ይኼ ይበቃሃል» ቢላችሁም ሰንጠረዡን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ኮምፒውተሩ ቤት ገብቶ እንደተነሳ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ግቡና ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ በርቶ ከሆነ አጥፉት። መብራት እንደመጣች ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቮልቴጁ የሚዋዥቅባቸው ናቸው፤ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በእጃችሁ አብሩት።