ከማሞቂያው በፊት ቤቱን ስለ ማሰናዳት



በሰሜን አሜሪካ በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዓለ ልደትን የሚያከብሩት በበረዶ መካከል ነው። ከልደት እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረዱ በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ጋቢ የሚመክተውን የደጋ ብርድ ብቻ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ይመስለዋል እንጂ፥ በዚያ ቤትን ማሞቅ የምቾት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከእነዚሁ ወገኖቻችን አንዱ የቤተ ሰብ አባት ያጋጠመውን ነገር፥ ስሙ ሳይጠራ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ሰውየው አረጋዊት እናቱን ከአገር ቤት ካስመጣ በኋላ፥ ለእርሳቸው ሲል ሂት ፓምፕ የሚባለውን ማሞቂያ ለማስተከል ቸኰለ። አንድ ሻጭ ከደጁ መጥቶ፥ «ከዋጋው አብዛኛው በሪቤት ይመለስልሃል» ቢለው፥ ባለቤቱን ሳያማክር ተበድሮ ፈረመ። መሣሪያው ተተከለ፤ ነገር ግን ቤቱ በየስንጥቁ ነፋስ የሚያስገባ ስለ ነበር፥ ቀንና ሌሊት ሲሠራ እየዋለና እያደረ ክፍሉ አልሞቅ አለ፤ የመብራቱም ሒሳብ ከፍ አለ። ተመላሹን ገንዘብ ሊጠይቅ ቢሄድ፥ «ማመልከቻው ከሥራው በፊት መቅረብ ነበረበት» ተባለ። ዕዳው በተገለጠ ጊዜ በባልና በሚስት መካከል የሆነውን መናገር አያስፈልግም። እናቲቱ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ «ልጄ፥ ሰላማችሁ የጠፋው በእኔ ምክንያት ነውን?» አሉት። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደ ተባለው፥ የቅደም ተከተሉ ነው እንጂ።

ሂት ፓምፕ እሳት የሚያነድድ ምድጃ አይደለም። ማቀዝቀዣ ከውስጡ ሙቀትን እየሰበሰበ በጀርባው እንደሚያወጣ፥ ይህም ከውጭው አየር ሙቀትን እየሰበሰበ ወደ ቤት ያስገባል። በበረዶ አየር ውስጥ ሙቀት ከየት ይገኛል የሚል ቢኖር፥ ለእኛ ቀዝቃዛ የሆነው አየር፥ በመሣሪያው ቧንቧ ለሚዘዋወረው ከእርሱ ይልቅ ለቀዘቀዘው ፈሳሽ ሙቅ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ጽፎበታል፤ በስዊስ አገርም የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1938 በዚሁ ዘዴ መሞቅ ጀምሯል። ዛሬ ለብርድ አገር ተብሎ የሚሠራው ጥሩ ዓይነት፥ ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሲሆን እንኳ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሁለት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሆኖም ብርዱ በበረታ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ነው ዝግጅት የሚያስፈልገው።

አንደኛ፥ ቤቱ ይደፈን። እናቶቻችን ክረምት ሳይገባ የጎጆውን ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይመርጉ አልነበረምን? በዚያም አገር ባለሙያ ተጠርቶ፥ በደጃፉ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ፥ ነፋስ የሚገባበት ሽንቁር ሁሉ ይታወቃል። በኮርኒሱ፥ በመሠረቱ አናት፥ በቧንቧና በሽቦ መግቢያ ያለው ስንጥቅ አስቀድሞ ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ ከጣራው ሥር ኢንሱሌሽን ይጨመራል። ለእንደ ሚኒሶታ ያለው አገር በኮርኒሱ ላይ የሚመከረው ልክ አር 49 እስከ አር 60 የሚባለው ነው። ይህ ሳይደረግ ማሞቂያ መግዛት በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ሁለተኛ፥ ልኩ ይታወቅ። ማኑዋል ጄ በሚባለው ስሌት የየክፍሉ የሙቀት ፍላጎት ይቈጠራል። የወለሉን ስፋት ብቻ ጠይቆ ዋጋ የሚጠራውን ሻጭ አትመኑ። ከልክ ያነሰ መሣሪያ አያሞቅም፤ ከልክ ያለፈውም ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ዕድሜውን ያሳጥራል።

ሦስተኛ፥ ቦታውና ኤሌክትሪኩ ይመርመሩ። በብዙ አሮጌ ቤቶች ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን 100 አምፔር ብቻ ስለሆነ፥ ለአዲሱ ጭነት መብቃቱ ይጣራ። በውጭ የሚተከለው ክፍል በረዶው ከሚደርስበት ከፍታ በላይ በመቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ ውኃ ከጣራ በሚንጠባጠብበት ሥር አይሁን፤ ከእርሱ የሚወርደውም ውኃ በመተላለፊያ ላይ ረግቶ ሽማግሌ እንዳይጥል ይታሰብበት። ደኅና የጋዝ ማሞቂያ ያለውም፥ ለብርቱዎቹ ሌሊቶች ቢያቆየው መልካም ነው።

አራተኛ፥ ትርፍና ኪሳራው ይሰላ። በፕሮፔን፥ በነዳጅ ዘይት ወይም በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚሞቅ ሰው ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። የተፈጥሮ ጋዝ የሚጠቀም ግን ጋዙ ርካሽ በሆነበት አገር ትርፉ ትንሽ ሊሆን፥ ወይም ጨርሶ ላይኖር ስለሚችል፥ የሁለቱን ዋጋ አስተያይቶ ይወስን።

ስለ ሪቤቱም ይህን ዕወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ ገቢያቸው መጠነኛ ለሆነ ቤተ ሰቦች ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000፥ ለመድፈንና ለኢንሱሌሽን እስከ 1,600፥ ለኤሌክትሪክ ሳጥን እስከ 4,000 ዶላር እንዲሰጥ ተወስኗል። ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች የሆነ ሙሉ ወጪው እስከ ወሰኑ ድረስ፥ ከ80 እስከ 150 በመቶ የሆነ ግማሹ ይሸፈንለታል። ገንዘቡን የሚያድሉት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው፤ አጀማመራቸውም ሥርዓታቸውም ይለያያል። ስለዚህ ሳትፈርሙ አስቀድማችሁ የክፍለ ግዛታችሁን የኃይል መሥሪያ ቤትና የኤሌክትሪክ ኩባንያችሁን ጠይቁ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ተቋራጩና የመሣሪያው ዓይነት በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ፤ ደረሰኙን ሁሉ አኑሩ። ከወጪው 30 በመቶውን እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ከግብር ይቀንስ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ግን፥ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ለተተከሉት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬም አለ የሚላችሁ ሻጭ ቢኖር ተጠንቀቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ቤተ ሰቦች የተለየ ነው። ቤቱ ከተደፈነ በኋላ ለቡና ወይም ለዕጣን በቤት ውስጥ ከሰል ማያያዝ አይገባም። የከሰል ጭስ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ አለበትና፥ ቀድሞ በስንጥቁ ይወጣ የነበረው አሁን ከልጆቻችን ጋር ያድራል። ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ፤ ይህን መርዝ የሚያስታውቀውን መሣሪያ በመኝታ ክፍሎች አጠገብ ስቀሉ። እንጀራ ስትጋግሩም እንፋሎቱ ግድግዳውን እንዳያሻግት ማራገቢያውን ክፈቱ።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር አስተምሯል። ይህን ቈጠራ ባል ብቻውን አይቈጥረው፤ ሚስትም ትቀመጥ፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅም ውሉን ያንብብላቸው። ያ ወንድማችን ዛሬ ስንጥቁን ደፍኖ፥ ከባለቤቱም ጋር ታርቆ፥ ዕዳውን አብረው ይከፍላሉ። እናቲቱም ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ማውረድ ጀምረዋል።

ልዑል እግዚአብሔር ቤታችሁን ከብርድ፥ ፍቅራችሁንም ከመቀዝቀዝ ይጠብቅልን። አሜን።