ዊንዶውስ 10 ከተሰናበተ በኋላ፦ የቤት ኮምፒውተር ይሻሻል ወይስ ባለበት ይቆይ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ለተጠቃሚ የቀረበው ይህ ሥርዓተ ክወና ከአሥር ዓመት በላይ በየቤቱ አገልግሏል። ድጋፉ ባበቃ ማግስት የማንም ኮምፒውተር ሥራ አላቆመም። ዛሬም ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ከዘመድ ጋር በቪዲዮ ይወራበታል፣ የባንክ ሒሳብ ይታይበታል። ለብዙ ቤተሰቦች ውሳኔውን ያከበደውም ይኸው ነው። ለዓይን የሚታይ ብልሽት ሳይኖር ለምን ይነካካል?

መልሱን ለማግኘት የደኅንነት ማሻሻያ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። ሥርዓተ ክወና እጅግ ሰፊና ውስብስብ ሶፍትዌር በመሆኑ ስሕተት አያጣውም፤ ከስሕተቶቹም አንዳንዶቹ ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታሉ። ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ የሚያሠራጨው ማሻሻያ እነዚህን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ዊንዶውስ 10 እና ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ የጋራ ክፍል አላቸው። ስለዚህ ለአዲሱ ሥርዓት የሚወጣ መድፈኛ፣ በአሮጌው ላይ ቀዳዳው የት እንደሚገኝ ለአጥቂዎች ሊጠቁም ይችላል። አደጋው በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ወር በወር ይጠራቀማል።

የቅርብ ጊዜ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ። በብሪታኒያ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ካወጣ ግን ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። በአብዛኛው የተጠቁት ማሻሻያውን ማግኘት እየቻሉ ያልጫኑ ኮምፒውተሮች ነበሩ። መዘግየት ብቻውን ይህን ያህል ካስከፈለ፣ ማሻሻያው ከናካቴው የማይደርሰው ኮምፒውተር የሚጠብቀውን መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ሁሉም ወደ ዊንዶውስ 11 ለምን አይሻገርም? ሽግግሩ በነጻ ቢሆንም በሩ ለሁሉም ክፍት አይደለም። አዲሱ ሥርዓት ቲፒኤም 2.0 የተባለ፣ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩ ናቸው። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ተቋም በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ በዚህ ምክንያት 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ከአገልግሎት ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ያወጣው ለደኅንነት ሲል መሆኑን ይገልጻል። የሸማች ተሟጋቾች በበኩላቸው በደንብ የሚሠራ ዕቃ ያለ ዕድሜው እንዲጣል ያደርጋል ሲሉ ይተቻሉ። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ለኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ሳትያ ናዴላ በጻፈው ደብዳቤ ነጻው ድጋፍ እንዲራዘም ጠይቆ ነበር። ሥጋቱ መሠረት አለው። በተባበሩት መንግሥታት ዘገባ መሠረት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው።

በመካከሉ የተሰጠው መፍትሔ የአንድ ዓመት ተጨማሪ የደኅንነት ድጋፍ ነው። ይህም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። ዋጋው ግን እንደ መኖሪያ ቦታ ይለያያል። በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና የሚኖሩ ተጠቃሚዎች፣ ከሸማቾች ድርጅቶች ግፊት በኋላ፣ ያለ ክፍያ እንዲያገኙት ተፈቅዷል። ስለዚህ በፍራንክፈርት ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ በነጻ የሚያገኘውን፣ በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሚኖረው ወገኑ 30 ዶላር ሊከፍልበት ይችላል። ላለመክፈል ከፈለገ የኮምፒውተሩን ቅንብሮች ከማይክሮሶፍት መለያው ጋር ማስተሳሰር አንዱ አማራጩ ነው። መለያ መክፈት ለሁሉም ግዴታ ነው። አንድ ፈቃድ እስከ አሥር ለሚደርሱ የአንድ ተጠቃሚ ኮምፒውተሮች ያገለግላል። ሆኖም ይህ ድጋፍ ጊዜ መግዣ ነው፤ የቤት ሥራውን ለከርሞ ያስተላልፋል እንጂ አያስቀርም።

ስለዚህ ውሳኔው ኮምፒውተሩ በሚችለውና በሚሠራበት ነገር ላይ ይመሠረታል። መስፈርቱን ለሚያሟላ ኮምፒውተር መዘግየት የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፤ ሰነድና ፎቶግራፍ በሌላ ዲስክ ላይ ቀድቶ መሻገሩ ይሻላል። መስፈርቱን ለማያሟላው የአንድ ዓመቱ ድጋፍ እፎይታ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነጻ ሥርዓቶች አሉ። ለኢንተርኔት፣ ለኢሜይልና ለጽሑፍ ሥራ ይበቃሉ፤ ሳይጫኑ ከፍላሽ ዲስክ ላይ ተነሥተው ሊሞከሩም ይችላሉ። ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ ሶፍትዌር ኑሮውን የሚመራ ሰው ግን ይህን መንገድ ከመምረጡ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የቤተሰብ ታሪክና የመጽሐፍ ረቂቅ የተጻፈው የየራሳቸው ስልት ባላቸው የፊደል ፎንቶች ነው። እነዚህ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ሆሄያት ሆነው ይታያሉ። ዊንዶውስ 11 በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ፎንቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ይቆያሉ፤ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ ወይም ሊኑክስ ሲጫን ግን አብረው አይሄዱም። ስለሆነም ፎንቱን ማስቀመጥ፣ ሰነዱንም አሮጌው ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ ወደ ዩኒኮድ ወይም ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይገባል።

በመጨረሻም፣ አሮጌው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ አይጣልም፤ ወደ አገር ቤት ለወንድም ወይም ለእኅት ልጅ ይላካል። ስጦታው መልካም ነው፤ ይሁንና ድጋፍ ያበቃለት ኮምፒውተር እንዳለ ሲላክ አደጋውም አብሮ ይጓዛል። ተቀባዩ የባንክ የይለፍ ቃሉን የሚጽፍበት፣ የትምህርት ሰነዱን የሚያስቀምጥበት በዚያው ላይ ነው። ማሻሻያ ለማውረድ የሚፈጀው የኢንተርኔት ክፍያ ከላኪው ይልቅ እርሱን ይከብደዋል። ሊኑክስን መጫንም ሆነ ተጨማሪውን ድጋፍ ማስመዝገብ ኮምፒውተሩ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቢያልቅ፣ ስጦታው በተቀባዩ ላይ ዕዳ አይሆንም።