«ምንም አላመመኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም



ለስኳር ሕመም ክትትል ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ እኔ ምንም አላመመኝም፤ ስኳሬ ስንት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።» ቁጥሩ ዝቅ ካለ ደስ ብሏቸው መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከፍ ካለ ደግሞ «ትናንት ሠርግ ነበርን» ይባልና ይታለፋል። እንዲህ እየተባለ ጫማ ሳይወልቅ፣ ዓይን ሳይታይ፣ ሽንት ሳይመረመር ዓመት ያልፋል።

ይህ በእኔ እምነት ግማሽ ክትትል ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር የሚናገረው ስለዚያ ጠዋት ብቻ ነው። ለዓይነ ስውርነት፣ ለኩላሊት እጥበትና ለእግር መቆረጥ የሚዳርገው ግን ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በደም ሥሮችና በነርቮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

ይህ ጉዳት ሲጀምር ደግሞ አያምም፤ ወይም የምንጠብቀው ዓይነት ሕመም የለውም።

👉 እግር፦ መጀመሪያ ማታ ማታ ያቃጥላል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ማቃጠሉ ሲቆም ብዙዎች «ተሻለኝ» ይላሉ። ነገር ግን ነርቩ ስሜቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ቢያቆስል እንኳ አይታወቅም።

👉 ዓይን፦ የውስጠኛው የዓይን ክፍል እየደማም ሰው ጥርት አድርጎ ሊያይ ይችላል። እይታው እስኪደበዝዝ ከተጠበቀ ብዙ ጊዜ ባክኗል።

👉 ኩላሊት፦ «ወገቤን ስላላመመኝ ኩላሊቴ ደህና ነው» ማለት ስህተት ነው። በስኳር የሚጎዳ ኩላሊት ያለ ምንም ሕመም ፕሮቲን በሽንት ማፍሰስ ይጀምራል።

ቀድሞ ከተደረሰበት መፍትሔ አለ። በእንግሊዝ አገር የተካሄደውና በ1998 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ዩኬፒዲኤስ የተባለ ትልቅ ጥናት፣ የ2ኛው ዓይነት ስኳር እንዳለባቸው ገና በታወቀ ሰዎች ላይ ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር በትናንሽ የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓይን ጉዳት በሌዘርና በመርፌ ሊታከም፣ የኩላሊት ጉዳትም በመድኃኒት ሊዘገይ ይችላል።

ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እነዚህን ጠይቁ፦

1. የእግር ስሜትና የደም ዝውውር ምርመራ
2. በጠብታ ብሌን ተከፍቶ የሚደረግ የዓይን ምርመራ። የ2ኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ይህን ምርመራ በሽታው እንደታወቀ መጀመር አለበት
3. የሽንት ፕሮቲንና የደም ክሬያቲኒን
4. የ2 እና የ3 ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ፤ ይህ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ቢሠራ ይመረጣል

ደም ግፊት ደግሞ በመጣችሁ ቁጥር ይለካ።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል» የሚለኝ ሰው እውነት አለው። የዓይን ሐኪም ለማግኘት ከተማ መምጣት ያለበትም ብዙ ነው። ካልሲ ማውለቅ ግን ገንዘብ አያስወጣም። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወረፋው ምን ያህል ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እግር ማየት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የተቆረጠ እግር ግን አይመለስም።

ቤት ውስጥም ሁልጊዜ ማታ እግራችሁን ከላይም ከታችም እዩ። ካልታያችሁ ልጆቻችሁ ይዩላችሁ። እግራችሁን በሙቅ ውኃ አትዘፍዝፉ፣ ከሰል ላይ አታሙቁ፣ የደረቀ ቆዳ በምላጭ አትቁረጡ፣ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ። ቁስል ካያችሁ ባያማችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ስኳር ላለበት ሰው የማያም ቁስል ከሚያመው ይልቅ ያሰጋል።

በቤታችሁ ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሉ፣ ዛሬ ማታ እግራቸውን እዩላቸው።

መልካም ጤና!